እስከ መጨረሻው ቢወርድልን

አንድ ፕሮግራም ሠሪ ነበረ። ከኢንተርኔት ፋይል የሚያወርድ መሣሪያ ሠርቶ ለአገሩ ሰው በነፃ ሰጠ። መሣሪያው ሥዕል የለው፣ የሚነኩት ምልክት የለው፤ ትእዛዙን በአንድ መስመር ሲጽፉለት ሄዶ ፋይሉን ያመጣል። ሰውም መረቀው።

ለተጠቃሚዎቹ አንድ ገጽ ከፈተላቸው። በአንዱ ወገን ብልሽት፣ በሌላው ወገን ቢጨመርልን የሚሉት ምኞት ይጻፍበታል። ብልሽት የተባለውን ዕለቱን ይጠግናል፤ ምኞቱን ለክረምት ያቆየዋል። ደንቡ መልካም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የአገሩን ሰው ይሉኝታ አላሰበበትም።

እያደር ሰው መሣሪያውን እየተወ ሄደ። የብልሽቱ ወገን ባዶ ነው፤ የምኞቱ ወገን በምስጋና ተጥለቅልቋል። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። «እንከን ሳይወጣለት የተጠላ ሥራ ከሥሩ የማይረባ ቢሆን ነው» አለና ሊዘጋው ቆረጠ። ሲቆርጥ ግን አለቀሰ።

ሊዘጋው በተነሣበት ዕለት አንዲት የገጠር መምህርት ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣች። የተማሪዎቿ ፈተና ደርሶባት ጨንቋታል። ያወረደችውን መጽሐፍ ከፈተችለት። መሣሪያው «ተጠናቋል» ብሎ ጽፏል፤ መጽሐፉ ግን ከወገቡ ተቆርጧል።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» አላት።

«ኧረ ነግሬዎታለሁ! ‹እግዜር ይስጥልን፤ ፋይሉ እስከ መጨረሻው ቢወርድልን ደግሞ ደስታችን ነው› ብዬ ጽፌ የለም እንዴ? በነፃ ለሰጠ ሰው ‹ሥራህ ተበላሽቷል› ይባላል?»

ሰውየው የምኞቱን ወገን እንደ አዲስ አነበበ። «ቢቻል ባይቆራረጥ» ይላል አንዱ። «ሲመችዎ ሙሉውን ቢያመጣልን» ይላል ሌላው። ሁሉም ያንኑ አንድ ብልሽት በትሕትና ሲነግሩት ኖረዋል። እፎይ አለ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሥራው አልተጠላም፤ የተበላሸው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መምህርቷ ሻይዋን ሳትጨርስ ጠገነው፤ መጽሐፉም ሙሉውን ወረደላት።

እንግዲህ ሰናይት ልጄ፣ «ሰው እያመሰገነኝ ለምን ይሸሸኛል? ሥራዬን ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አትተዪው። አንቺም እንደዚያ ሰው ምስጋናውን ሰማሽና ጆሮሽን መለስሽ። የኛ ሰው እያመመውም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ደኅና ሐኪም ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ሂጂና «የቱ ጋ ነው የሚያማችሁ?» በያቸው።