ሚካኤል የወሰደው ቀን

ሰኔ በደረቁ አለፈ። ሐምሌም በደረቁ ገባ። ማሳው ተሰነጣጠቀ፤ ከብቱ ከሳ፤ ሰው የጎተራውን ጥራጊ በላ።

በዚያ ክረምት አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ነበረ። በአንድ በሬ ይታረሳል? አይታረስም። ጎረቤቱም እንደ እሱ አንድ በሬ ነበረው። ታዲያ ምን አደረጉ? እናንተም እንደምታደርጉት ተቀናጁ። ሁለቱን በሬዎች ጠምደው፣ አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ሊያርሱ ተስማሙ።

ሰውየው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ጎረቤቱ አስረስ። ተራው የቢያድግልኝ የሆነ ዕለት ሚካኤል ዋለ። በሚካኤል በሬ አይጠመድም። በሬዎቹ አስረስ በረት አደሩ። በማግስቱ ገና ሲነጋጋ የተናፈቀው ዝናብ ወረደ። ቢያድግልኝ ሞፈሩን ተሸክሞ ቢወጣ፣ አስረስ ጥማዱን ወደ ራሱ ማሳ ይነዳል።

«ኧረ ቀኑ የእኔ ነው!»

«ያንተን ቀን ሚካኤል ወሰደው። ሂድና ከእሱ ተቀበል!»

ቢያድግልኝ በሬውን ፈትቶ ሄደ። ዝናቡ አልተደገመም። ሁለቱም ሳይዘሩ ቀሩ።

በዓል የዋለበት ተራ ወደ ነገ ይሻገራል ወይስ ይቀራል? ሲቀናጁ ይህን ያሰበ አልነበረም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እነሱም ለሁለት ተከፈሉ።

ዓመታት አለፉ። ሁለቱ አይነጋገሩም። ቢያድግልኝ በዶማ ይቆፍራል፤ ልጆቹ ሳይጠግቡ ያድራሉ።

አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች መጡ። «ሁለት ሁለት ሆነው የተጣሉ ሰዎችን እናጠናለን» አሉ። አንዲት ሴት ቢያድግልኝን ለብቻው አስቀምጣ የልቡን ጠየቀችው። ቀጥሎ አንድ ወጣት መጣ።

«ጋሼ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቢሰጡት፣ አስረስን ምን ያህል ይጠሉታል?»

«አምስት ማለት ምን ማለት ነው?»

«እጅግ በጣም ማለት ነው።»

«በክረምት ነው በበጋ?»

ወጣቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ቢያድግልኝም ግራ ገባው።

«ቆይ፣ ይሄ ጠብ የት ነው ያለው?» አለ።

ሴትዮዋ «በልብዎ ውስጥ» አለች። ወጣቱ «በበሬው እጥረት ነው እንጂ» አለ። ሦስተኛው ሰው ሸበቶ ነው። እሱ ደግሞ «በመካከላችሁ ነው፤ ሁለታችሁን አንድ ላይ ሳላይ ምንም አልልም» አለ።

አስረስን አስጠራና አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ቢያድግልኝ በመካከላቸው ያለውን ቦታ አየ። ባዶ ነው።

«በሬህ ደኅና ነው?» አለ አስረስ ድንገት።

«ከስቷል። ያንተስ?»

«ብቻውን መቆም አልወደደም። ያገሳል።»

«የእኔም ያገሳል።»

«እሰማዋለሁ።»

ተነሥተው በየፊናቸው ሄዱ። ሸበቶው ጻፈ። ምን እንደ ጻፈ እንጃ።

ወገኖቼ፣ እናንተ ለየብቻችሁ ብትጠየቁ ምን ትላላችሁ? «የተበደልኩት እኔ ነኝ» አትሉም? እሱም ይላል። ባልም ይላል፤ ሚስትም ትላለች። ወንድም በወንድሙ ላይ ይላል። ይህን ነገር ስንቴ አወጣሁ አወረድሁ፤ ቀኑ የማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፈጣሪ ግን ሰማዩን ሲከፍት «ተራው የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል?

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲወርድ ቢያድግልኝ ዶማውን ይዞ ወጣ። አስረስ ቀንበር ተሸክሞ፣ በሬውን ይዞ በቢያድግልኝ ማሳ ዳር ቆሟል።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«በሬህን አምጣ።»

«ቀኑ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ! ማሳው ያንተ ነው። ይልቅ ጥመድ፣ ዝናቡ ሳያመልጠን።»

እናንተስ? ከአጥር ወዲያ የሚያገሳውን እየሰማችሁ፣ የማን ቀን እስኪታወቅ ነው የምትጠብቁት? ቀንበሩ በማን ቤት ነው ያለው? በእናንተ ቤት ከሆነ ተሸከሙትና ውጡ።

እነዚያ ሁለቱ እስኪመሽ አረሱ። ሚካኤል ወሰደው የተባለው ቀን ተመለሰ።