ማረሻ ያረሰው ስፌት

ከጨሬ ወንዝ በላይ፣ ጉም የማይለየው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠችው መንደር ተኩስ አምባ ትባላለች። ስሟን ብቻ የሰማ መንገደኛ ጠመንጃ ያጓራባት፣ ደም የፈሰሰባት ቦታ አድርጎ ይገምታታል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን በዚያ አፋፍ አንድም ጥይት ጮኾ እንደማያውቅ፣ ተኩሱም የጨርቅ ተኩስ እንደሆነ ይናገራሉ። በዚያ መንደር ከቁርጥራጭ ጨርቅ ድሪቶ የሚሰፋ ሰው ሁለቱን ቁራጮች ከገጠመ በኋላ የስፌቱን ትርፍ እንደ ሌላው አገር ወደ አንድ ጎን አጥፎ አይተወውም፤ ገልብጦ፣ ግራና ቀኝ ከፍቶ፣ በጋለ ብረት ይጫነዋል። ይህ ያልተደረገለትን ድሪቶ ልጅ አይለብሰውም፣ ለእንግዳም አይነጠፍም። ነገሩ የመጣው ከአንዲት እናትና ከልጇ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ያን ጊዜ መንደሯ ሌላ ስም ነበራት፤ ምን እንደነበረ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ አንጓች ከምትባል ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ልጇ ጋር እዚያ ትኖር ነበር። ደብሪቱ እጇ የተባረከ ሰፊ ነበረች፤ ከቁራጭ ባና፣ ከአሮጌ ጋቢ፣ ከተበጣጠሰ በርኖስ እየገጣጠመች የምትሠራው ድሪቶ የዚያን አገር ውርጭ ያስረሳ ነበር።

አንድ ዓመት ከቆላው በኩል ተስቦ ወጣ። ሰው ስሙን መጥራት ፈርቶ «እንግዳዋ» ይላት ነበር። እንግዳዋ የገባችበት ቤት ሰዉ መጀመሪያ ያካል፣ ቀጥሎ ራሱን ይይዛል፣ ከዚያ እንደ ፍም ይግልና ሲቃዥ ሰንብቶ ያልፋል። ሟቹ ሲበዛ የሟች ልብስም በዛ፤ ብርዱ ደግሞ የሚጣል ጨርቅ አያውቅምና ሰዉ ልብሱን እያመጣ ለቀሩት ልጆች ድሪቶ እንድትሰፋለት ደብሪቱን ለመናት። ሰፋች። የመጀመሪያውን ድሪቶ የለበሱት የአንድ ጎረቤት ልጆች ነበሩ፤ አለቁ። ሁለተኛውን የለበሱት የጭቃ ሹሙ የገብረየስ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ እነሱም ተከታትለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየደጁ «የደብሪቱ መርፌ ሞት ትሰፋለች» ይባል ጀመር፤ አንጓች ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ አንስተው ይሸሿት ነበር።

ሦስተኛው ድሪቶ ከቤት አልወጣም ነበር። የሚወስደው ሰው ስለጠፋ አንጓች ራሷ ትለብሰው ጀመር። አንድ ጠዋት ታፋዋን ስታክ እናቷ አየቻት፤ አየቻትና ፊቷ አመድ መሰለ። ድሪቶውን ገፈፈቻት፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳም ስፌቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ገለጠችው። በእጥፋቱ ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቅማሉና ቅጫሙ እንደ ሰሊጥ ተደርድሮ ነበር። ቅማል በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም፤ ደብሪቱን ያስደነገጣት የሞቱት ሁሉ ሲያኩ እንደነበር ማስታወሷ ነው። አንጓች እናቷ ለራሷ «ሳላውቅ ቤት ሠርቼለት» ስትል ሰማቻት፤ ለማን እንደሆነም አልጠየቀችም፣ ገባትና።

ድሪቶውን ማቃጠል ልጅቷን ለውርጭ መስጠት ነበር። ስለዚህ ደብሪቱ የሟች ባሏን ማረሻ ከሞፈሩ ፈታ እሳት ውስጥ ከተተችው። ሲግል በእርጥብ ጨርቅ ያዘችው፤ ስፌቱን ግራና ቀኝ ከፍታ ጫነችበት፣ አነሳች፣ ጫነች። ከእጥፋቱ ውስጥ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ወጣ። አንጓች ያን ድምፅ እስክታረጅ ድረስ እንዳልረሳችው ይነገራል።

ሥራው ሳያልቅ የመንደሩ ሰው በጉሙ ውስጥ መጣ። ጭቃ ሹሙ ፊት ፊት ነበር። ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ያየችውን ብታስረዳም የሚሰማት አልተገኘም፤ የጋለውን ማረሻ በእጇ ሲያዩ ይልቁን አፈገፈጉ። ቤቱን ዙሪያውን በእሾህ አጠሩትና ጭቃ ሹሙ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ፈረደ።

«ጭስ እስከወጣ ድረስ አንነካችሁም፤ የሰው ነፍስ ይዘን እግዜር ፊት አንቀርብም። ጭሱ የቆመ ዕለት ግን እንግዳዋ ሥራዋን ጨርሳለች ማለት ነው፤ ቤቱን እዚያው እናነደዋለን።»

እናትና ልጅ በአጥሩ ውስጥ ተቀመጡ። እህል ነበራቸው፤ ውኃውን ደግሞ ማንነቷን ያልገለጠች ሴት ጎህ ሳይቀድ በቅል ሞልታ እሾሁ ሥር ትተውላቸው ነበር። አንጓች ዓይኗን ከምድጃው አትነቅልም፤ እንጨት ሲንጣጣ ትደነግጣለች፣ ዝም ሲልም ትደነግጣለች። በየጊዜው ግንባሯን በእጇ እየዳሰሰች የእሳቱ ሙቀት ይሁን የሌላ መለየት ያቅታት ነበር።

የታመመችው ግን እናቷ ሆነች። የሟቾቹን ልብስ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሰፋችው እሷ ነበረችና። ትኩሳቱ ሲጀምራት ልጇን ጠርታ ከእሷ እንድትርቅ፣ የለበሱትን ሁሉ በየዕለቱ እንድትተኩስ አዘዘቻት፤ ከመደቧ ላይ ሆናም በዓይኗ ትከተላት ነበር።

«አትጎትቺው» አለቻት። «ከጎተትሽው ጨርቁ ይንጋደድና መልሶ ይታጠፋል። ጫኚ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ፣ ከዚያ ቀጣዩን። መጀመሪያ በጥፍርሽ ክፈቺው። የተዘጋ ስፌት እንዳታልፊ።»

እንጨቱ ሲያልቅ አንጓች ሞፈሩን፣ ቀጥላም ቀንበሩን ሰብራ ማገደች። ደብሪቱ መቃዠት ጀመረች፤ በቅዠቷም የሞቱትን ልጆች ስም እየጠራች ድሪቷቸውን እንዲያወልቁ ትለምናቸው ነበር ይባላል። አንድ ቀን፣ ፀሐይ ጉሙን ገፋ ባደረገችበት ሰዓት፣ ዝም አለች።

አንጓች አፏን ልትከፍት ስትል አጥሩን አስታወሰች። እሪ ካለች ይሰማሉ፤ ከሰሙ ይመጣሉ። እናቷ ሞታ እሪ ያላለች ልጅ በዚያ አገር ታይታ አትታወቅም። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ያለ ድምፅ አነባች። ከዚያ ተነሥታ ከእናቷ ላይ ድሪቶውን በእንጨት አነሳችው፤ በነጠላዋ ሸፍና ካስተኛቻት በኋላ ማረሻውን እሳት ውስጥ ጨመረች። የጋለው ብረት ስፌቱን ሲጫን ያ ድምፅ እንደገና ወጣ። ፈርታ ነበር፤ እያንዳንዱን ስፌት በጥፍሯ እየከፈተች ግን ጨረሰች፤ ለበሰችውም።

በማግሥቱ እርጥብ ጉም በጣሪያው ገብቶ የቀረውን ፍም አጠፋባት። የሚማገድ አንዳች አልነበረም። ጭሱ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ የእግር ኮቴ ተሰማ። በግድግዳው ስንጥቅ ብታይ ጭቃ ሹሙ የሚነድ ችቦ ይዞ እሾሁን በእግሩ ሲያስወግድ አየች። በሩን ከፈተችና ወጣች።

ሰዉ አንድ ብቻ መሆኗን ሲያይ አጉረመረመ። ጭቃ ሹሙ እናቷ የት እንዳለች ጠየቃት።

«እናቴ አርፋለች» አለች። «ከጎኗ አልተለየሁም። ይህን ከላይዋ አንስቼ፣ ተኩሼ ለብሼዋለሁ። የሚያሳክከኝ የለም። ቅረቡና እዩ።»

አንድም ሰው አልቀረበም፤ ችቦውም አልወረደም። አንጓች ያን ጊዜ የችቦው ነበልባል ጉሙን ሲልስ የሚያሰማውን ድምፅ ትሰማ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ትናገር ነበር ይባላል። በዚያ መሐል የጭቃ ሹሙ ሚስት ወይዘሮ እንግዳወርቅ ከሰዉ ኋላ ወጣች። የቀራት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። በእጇ የያዘችውን የልጇን ድሪቶ እሾሁ ላይ ጣል አድርጋ፣ ባሏን ሳታይ ተመልሳ ቆመች። ጎህ ሳይቀድ ውኃ ታደርስ የነበረችው እሷ መሆኗን አንጓች በሌላው እጇ ከያዘችው ቅል ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

አንጓች ድሪቶውን በእንጨት አነሳች። ከዚያ ወደ ጭቃ ሹሙ ዞራ፦

«እሳቱን ይስጡኝ፤ የእኔ ጠፍቷል» አለችው።

ገብረየስ ሚስቱን አየ፣ ድሪቶው እሾሁ ላይ የነበረበትን ቦታ አየ። ችቦውን ለልጅቷ ዘረጋላት። ማረሻው የጋለው ሊያቃጥላት በመጣው እሳት ነው ይባላል።

ያ ለጭቃ ሹሙ የቀረው ልጅ ይትረፍ አይትረፍ የሽማግሌዎቹ ቃል አይገጥምም፤ አንዳንዱ ሸምግሎ ሞተ ይላል፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የሚስማሙበት ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሪቶ ሁሉ ወደ አንጓች መምጣቱንና ለደብሪቱ የሚገባት ለቅሶ የተለቀሰው እንግዳዋ ከአገር ከወጣች በኋላ መሆኑን ነው።

ዛሬ በተኩስ አምባ ማረሻው በከሰል ካውያ ተተክቷል። ድሪቶ የሚቀበል ሰው ግን አሁንም «አርሰሽዋል?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሰጪዋም «ማረሻ አርሶታል» ብላ ትመልሳለች፤ ቃሉን ሳይለዋወጡ ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ይህም ሆኖ የዚያ መንደር ሰው፣ ሩቅ አገር ሄዶ በባዕድ ቤት ሲያድር እንኳ፣ ብርድ ልብሱን ከመልበሱ በፊት ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ገልጦ ያያል። ለምን እንደሚያደርገው ቢጠይቁት ያፍራል እንጂ አይተወውም።