ከረጢቱ ውስጥ የተንጠለጠለው ጆይ

አንዳንድ ተረት አገር ቤት ተወልዶ ባሕር ይሻገራል። አንዳንዱ ደግሞ ባሕር ማዶ ተወልዶ አገር ቤት ለመግባት ቪዛ ይጠብቃል። አውስትራሊያ ያለ አበሻ፣ ነገር ሰምቶ ሳያጣራ የሚንጫጫ ሰው ሲገጥመው ጣል የሚያደርጋት አንዲት ተረት አለችው። ከየት መጣች ብላችሁ ጠይቁት እስቲ። አንዱ የሜልቦርን ታክሲ ነጂ ነው የፈጠራት ይላችኋል፤ ሌላው ከአያቴ ነው የሰማኋት ብሎ ይምልላችኋል። ውሸታቸውን ነው! ተረቲቱ የመጣችው ከጫኔ ነው። እሱ ፊት ግን አታንሷት፤ እስከ ዛሬ ፊቱ ይቀላል።

ጫኔ የቋራ ቆላ ሰው ነው። አባቱ ስመ ጥር አዳኝ ነበሩ። እሱ ራሱ ከጅግራና ከሚዳቋ በላይ ገድሎ ባያውቅም ፀጉሩን እንደ ዝሆን ገዳይ ያጎፍራል። ዱካ በማንበብ ግን እውነትም የአባቱ ልጅ ነው። «መሬት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይላል። ሌላዋ አመሉ መጠርጠር ናት። ከሱዳን ስደተኛ ጣቢያ እስከ አውስትራሊያ ያደረሰችኝ እሷ ናት ብሎ ስለሚያምን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳይል አይውልም።

ይህ ሰው ዞሮ ዞሮ ሥራ ያገኘው በአውስትራሊያ በረሃ መካከል፣ ክላይቭ የሚባል ሰው የበግ እርባታ ላይ ነው። አገሩ ቀይ አፈርና ዝንብ ብቻ። የቅርቡ ጎረቤት ግማሽ ሰዓት ያስነዳል፣ ከተማው አራት ሰዓት። ጫኔ አጥር ይጠግናል፣ የበጎቹን የውኃ ገንዳ ያያል። እንግሊዝኛው በጣት የሚቆጠር ነው። ክላይቭም ቢሆን ቃል የሚወጣው በመከራ ነው፤ ስለዚህ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ጠብ፣ ያለ ወሬም አብረው በሉ።

ጫኔ ያን በረሃ የቻለው ለአንድ ነገር ሲል ነው፤ ለሚስቱ ለስንዱ። ስንዱ ገዳሪፍ ላይ ቀርታ አራት ዓመት ሆኗታል። ጉዳዩን የያዘለት ሰው «አሠሪህ ቋሚ ሥራ እንዳለህና ለሚስትህም ማረፊያ እንደሚሰጥ ደብዳቤ ይፈርም፤ ነገሩ ይፋጠናል» ብሎት ነበር። ክላይቭም እሺ አለ። ደብዳቤው ተጽፎ ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ፊርማው በምስክር ፊት መሆን ስላለበት የሚጠበቀው ሰኞ ብቻ ነበር፤ ሰኞ አብረው ከተማ ይወርዳሉ። ጫኔ ውኃ ሊጠጣ በገባ ቁጥር ወረቀቱን ሳያይ አይወጣም።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የክላይቭ ሚስት ሞሪን ባሕር ዳርቻ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ከሄደች ሳምንት አልፏታል። ድርቅ ስለነበር ካንጋሮው በመንጋ እየመጣ የበጎቹን ሣርና ውኃ ይጨርሳል፤ ክላይቭም የአደን ፈቃድ አውጥቶ በየጊዜው ይተኩሳል። የዚያን ቀን ፀሐይ ሲወጣ ጫኔ አንድ ተኩስ ሰማ። አንድ ብቻ። ትንሽ ቆይቶ የክላይቭ ፒክአፕ መኪና እየበረረ መጣ።

ጫኔ ከውኃ ታንከሩ ሥር ሆኖ ቧንቧ ይጠግን ነበር። ክላይቭ ከመኪናው ወረደ። ኮቱን አውልቆ አንድ ነገር ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፏል። ግራ ቀኙን አየና ወደ ቤት ሮጠ።

«ኧረ ምንድን ነው?» አለ ጫኔ ለራሱ። «ካንጋሮ የገደለ ሰው እንዲህ አቅፎ ይሮጣል?»

ክላይቭ ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ አሁን የያዘው አካፋ ነው። መኪናውን አስነስቶ ከጉብታው ጀርባ ሄደ፤ ሲመለስ የመኪናውን ጭነት ቦታ በጎማ ውኃ ያጥብ ጀመር። ቀይ ውኃ መሬቱ ላይ ወረደ። ጫኔ ጠጋ አለ።

«ክላይቭ፣ ካንጋሮው የታለ?»

«ቀበርኩት።»

«ቀበርከው? ለውሾቹ አትሰጥም?»

«ዛሬ አይሆንም» አለ ክላይቭ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። ከዚያ ጣቱን ወደ ቤቱ ቀስሮ፣ ጫኔ እንዲገባው ቃል በቃል እየቆራረጠ «ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አትግባ። ድምፅ የለም። ሽ!» አለው።

የጫኔ ጆሮ ቆመ። ይህ ሰው በስድስት ወር አንድም ቀን ካንጋሮ ቀብሮ አያውቅም። የገደለውን ለውሾቹ ቆራርጦ ይጥላል እንጂ ጉድጓድ አይቆፍርም። ዓይኑ ደግሞ ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው። ለካንጋሮ የሚያለቅስ ማን አለ?

ዱካውን ተከተለ። ከመኪናው እስከ ቤቱ ደጃፍ ጠብ ጠብ ያለ ደም አለ። የክላይቭ ጫማ ፊቱ ጠልቆ ተረከዙ አይታይም፤ ተጣድፎ የሮጠ ሰው ኮቴ ነው። ከጉብታው ጀርባ ሄዶ ደግሞ መቃብሩን አየ። አፈሩ ተደልድሎ በላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል። ጫኔ ድንጋዩን ቆጥሮ አማተበ።

ሲመለስ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ክላይቭ ስልክ ሲያወራ ሰማው። የሚያወራው ከሞሪን ጋር ነው። እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፤ ጫኔ ከዚያ ሁሉ የያዘው አምስት ቃል ብቻ ነበር። እናት። ተኮስኩ። ሞተች። ጆይ። ከረጢት። ክላይቭ «ጆይ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደገመው፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ጫኔ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ጆይ ማለት የፈረንጅ ልጅ ስም መሆኑን ያውቃል፤ ስደተኛ ጣቢያው ሲማር የመምህሩ ልጅ ስም ጆይ ነበር። እናትየዋን ተኩሶ ገደላት፣ ልጇን ጆይን ከረጢት ውስጥ ከተተው፤ ሚስቱም ታውቃለች፣ ለዚህ ነው እህቴ ዘንድ ብላ የሄደችው! ሁሉ ነገር ገጠመለት። ጥርጣሬ እንዲህ ናት፤ አንዴ ከገባች የጎደለውን ሁሉ ራሷ ትሞላዋለች።

ቀና ብሎ ሲያይ ደግሞ ክላይቭ ምድጃው ላይ ወተት ያሞቃል። ጡጦ ውስጥ ቀዳው፣ አንድ ጠብታ አንጓው ላይ ጣል አድርጎ ሙቀቱን ለካ፣ ይዞት ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባ። ያ ቤት ሕፃን ኖሮበት አያውቅም። ከክፍሉ ውስጥ እንደ ሕፃን ሳል ያለ ቀጭን ድምፅ ወጣ።

አሁን ጫኔ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ዝም ካለ፣ ሰኞ ደብዳቤው ይፈረማል፣ ስንዱ ትመጣለች። ከተናገረ ደብዳቤውም ስንዱም ቀሩ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ወረቀት በመስኮቱ አየው። «ስንዱዬ፣ ምን ልሁን?» አለ። «በሰው ልጅ ደም ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ባመጣሽ፣ እንዴት ዓይንሽን አያለሁ?» እውነቱን ለመናገር እንባው መጣበት። ሰውየው ተጠራጣሪ ቢሆንም ክፉ አልነበረም።

ክላይቭ ወደ በጎቹ በረት ሲሄድ ጠብቆ ገባ። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል በር ገርበብ አደረገ። ከረጢቱ በሩ ጀርባ ካለው መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አፉ በገመድ ሸብ ተደርጓል። ወዲያው ከውስጡ እግር የሚመስል ነገር ጨርቁን ገፋው። ከረጢቱ ከእጁ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። እዚያው ገመዱን ሳብ ቢያደርግ ኖሮ እኔም የምነግራችሁ ታሪክ አይኖረኝም ነበር። እሱ ግን ምን አደረገ? ዘሎ ወጥ ቤት ገባና የመገናኛ ሬዲዮውን አነሳ።

ይህ ሬዲዮ በየእርባታው ቤትና በየመኪናው ያለ ነው፤ አንዱ ሲናገር በዙሪያው ያለ ሁሉ ይሰማል። የጫኔ አገር ሰው ደግሞ ጭንቅ ሲመጣ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ኡኡ ማለት። ኡኡታ የሰማ ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል እንጂ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ጫኔም እዚያ ኮረብታ ስላጣ ሬዲዮው ላይ ጮኸ።

«ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ! የአገር ያለህ! ድረሱ!»

የበረሃው ሰው ሁሉ ደነገጠ። አማርኛ የሚሰማ የለም፤ አንዱ እሳት ነው አለ፣ አንዱ እባብ ነክሶት ነው አለ፣ ሁሉም መኪናውን አስነሳ። አንድ ሰው ብቻ ቃሉ ገባው፤ ጋሽ እሸቴ። በግ በከባድ መኪና የሚያመላልሱ፣ በዚያ አገር ሃያ ዓመት የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በሬዲዮ የአገራቸውን ኡኡታ ሲሰሙ መኪናውን ከመንገድ ሊያስወጡት ነበር።

«ማነህ አንተ? ጫኔ ነህ? ምን ሆንክ?»

«ጋሽ እሸቴ ይድረሱልኝ! ክላይቭ ሴት ገደለ! ልጇን ጆይን ከረጢት ከቶ ሰቅሎታል!»

«ማንን አልከኝ?»

«ጆይን!»



«ጫኔ፣ ከረጢቱን ፈተህ አይተሃል?»

«የምን መፍታት! ጊዜ የለም እኮ እያልኩዎት ነው!»

በዚህ መሐል ክላይቭ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ገባ። ጫኔ ሬዲዮውን ጥሎ የአጥር ብረት አነሳና ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆመ። «አትቅረብ!» አለ። ክላይቭ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ሽ! ሽ! ጆይ!» ይላል፤ ጫኔ ይህን እንደ ማስፈራሪያ ቆጥሮ ብረቱን ከፍ አደረገ። ክላይቭ ሁለት እጁን አነሳ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አሠሪና ሠራተኛ ይተያዩ ጀመር።

ጎረቤት በየመኪናው ደረሰ። አንዱ የእሳት ማጥፊያ ውኃ ጭኖ፣ አንዲት ሴትዮ ለእባብ ንክሻ ፋሻ ይዛ፣ ሌላው ጠመንጃውን አንግቦ። ጫኔ የሚለው ግን ለአንዳቸውም አልገባቸውም። በመጨረሻ ጋሽ እሸቴ ገቡ፤ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ቀስ ብለው፤ ክላይቭንም በእንግሊዝኛ ጥቂት ጠየቁት።

«በል ልጄ» አሉ፣ «ሰው ተሰብስቦልሃል። አሁን ፍታው።»

ጫኔ ብረቱን ጥሎ ገባና ገመዱን ሳበው። በመጀመሪያ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ወጡ። ቀጥሎ እንደ ሚዳቋ ግልገል ዓይነ ትልቅ የሆነ ትንሽ ፊት ወጣ። ወተት አፍንጫው ላይ እንደ ነጭ ቀለም ተለቅልቋል። ካንጋሮ ነው።

«ይህ... ይህ ምንድን ነው?»

«ጆይ ነዋ!» አሉ ጋሽ እሸቴ። «የላም ልጅ ጥጃ፣ የአህያ ልጅ ውርንጭላ፣ የአንበሳ ልጅ ደቦል አይባልም? እዚህ አገር የካንጋሮ ልጅ ጆይ ነው የሚባለው። እናቱን ተኩሶ ሲያበቃ ሆዷ ላይ ካለው ከረጢቷ ውስጥ አገኘው፤ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ የሰቀለውም የእናቱ ሆድ እንዲመስለው ነው። ጩኸት ከሰማ ደንግጦ ይሞታል ብሎ ነው ሽ ያለህ።»

ጫኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ጎረቤቶቹ ነገሩ ሲተረጎምላቸው አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ያልሳቀ ክላይቭ ብቻ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የተናገረውን ጋሽ እሸቴ አንድ በአንድ ተረጎሙት።

«የቀበርኳት፣ ልጅ የያዘች ካንጋሮ በመግደሌ አፍሬ ነው ይላል። ያለቀስኩም ለዚያ ነው ይላል። ስድስት ወር ከአንድ ድስት በልተን፣ ሰው ገዳይ አድርገህ ቆጠርከኝ? ይላል።»

«ይቅርታ አድርግልኝ በሉልኝ ጋሽ እሸቴ! እግሩ ላይ ልውደቅ?»

ክላይቭ መደርደሪያው ላይ ያለውን ደብዳቤ አነሳ። ክላይቭ ወረቀቱን አልቀደደውም፤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከረጢቱን ከመስቀያው አውርዶ ጫኔ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠውና እንደገና ተናገረ።

«ልጅ ላድን ብለህ ከሆነ የጮህከው፣ እንግዲያው አሳድገው ይላል። በየአራት ሰዓቱ ታጠባዋለህ። ከዚህ ከረጢት ወጥቶ በራሱ እግር ሲዘል ሰኞ ያልነውን እፈርማለሁ ይላል። እስከዚያ እኔም አንተን ልጠርጥርህ ይላል።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚፈጅበት?»

«አምስት ወር። ስድስትም ሊሆን ይችላል።»

ጫኔ ከረጢቱን እንደታቀፈ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጆይ የጫኔን ጣት እየጠባ ነው። ስንዱ ሰኞ ማታ ስልክ ትጠብቃለች፤ ምሥራቹን ልነግርሽ ነው ብሏት ነበር።

«ጋሽ እሸቴ፣ እንግዲህ ለስንዱ ምን ብዬ ልንገራት?» አለ እንባው እየወረደ።

ሽማግሌው የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ ዞር ብለው አዩት። «ምን ትላታለህ ሌላ? ‹ከረጢቱን ሳይፈቱ፣ ምነው ኡኡ ማለቱ!› በላት።»