ሸህ ሙዘሚል ከሸማኔው ጉድጓድ ያዩት

ምስጋና ጥፋቱን አይቶ ለሚመለስ ባሪያ በሩን ለማይዘጋው ጌታ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይውረድ።

ተራራ ተደግፋ የተቆረቆረች፣ ግንቧ እዚህም እዚያም የፈረሰ አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሸህ ሙዘሚል የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረሶችን፣ የሃይማኖት ተማሪዎቻቸውን፣ ያስቀራሉ፤ ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ ከመስጊዱ ደጃፍ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የተካሰሰ ይዳኛሉ። የሳቸው ፍርድ ይግባኝ የለውም ነበር። ማንም ከልክሎ አይደለም፤ ይግባኝ ማለት ለማንም ትዝ ስለማይለው ነው።

ሸህ ሙዘሚል ከኡስታዛቸው የወረሷት አንዲት ቀጭን ኪታብ ነበረቻቸው። ከነቢያችን ዘመን በፊት የኖሩ ሑከማዎች፣ የጥንት ጠቢባን፣ የተናገሩት ጥበብ የተሰበሰበባት ናት። ኡስታዛቸው ሲሰጧቸው፣ ከቁርኣንና ከሐዲስ ጋር የማይጣላ መልካም ነገር ካገኘህ ማን ተናገረው ብለህ አትግፋው፣ ነገር ግን ሥራበት እንጂ አትፎክርበት ብለው አደራ ብለዋቸዋል። ሸህ ሙዘሚል አደራውን ጠብቀዋል። ከኪታቧ ውስጥ አንዲት ቃል መረጡ፤ «ቀንህን ሳትጠይቀው አትሸኘው» የምትል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ከመስጊዱ ግንብ ሥር ለብቻቸው ተቀምጠው ነፍሳቸውን ይጠይቃሉ። ዛሬ ማንን አስቀየምኩ? ምን አጓደልኩ? ነገ ምኑን ላስተካክል?

ይህ ሙሓሰባ ሰውየውን ለውጧቸዋል። በወጣትነታቸው ቁጡ ነበሩ፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይቀድሙታል ይባላል። ሲጎለምሱ ግን ትዕግስታቸው የሰው ማስተማሪያ ሆነ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ክፉ የተናገሩትን የጨው ነጋዴ አውፍ ለማስባል ግማሽ ቀን በእግራቸው ተከትለውት ሄደዋል። የከተማው ሰው ይህን አይቷል፤ ሸሁም ሰው እንዳየ ያውቁ ነበር።

በዚህ መሐል ነው የድንበሩ ጉዳይ የመጣው። ጦይብና ሽኩር የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ከጅረቱ ማዶ የሚዋሰን እርሻ ነበራቸው። ሽኩር፣ ጦይብ የድንበሩን ድንጋይ አንስቶ ወደ እኔ ማሳ ገፍቶታል ብሎ ከሰሰ። አንድ ምስክር ቆጠረ፤ ኑርዬ የሚባል ሸማኔ። ኑርዬ ቤቱ ከጅረቱ ወዲህ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሸማ እየሠራ ሳለ ጦይብ ድንጋዩን በዶማ ፈንቅሎ ሲያንከባልል በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

ሸህ ሙዘሚል ፍርዳቸውን በጥንቃቄ መስጠት የሚወዱ ሰው ነበሩና ተነስተው ከነተከራካሪዎቹ ወደ ኑርዬ ቤት ሄዱ። ሸማው ከተዘረጋበት በረንዳ ላይ ቆመው ወደ እርሻው ተመለከቱ። ከፊታቸው የተንዠረገገው የጣራ ሳር እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ኑርዬ አንድ ነገር ሊናገር ጀመረ። የዐስር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሸሁ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ወደ ወይራው ሥር ተመልሰውም፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከኑርዬ በረንዳ ማሳው እንደማይታይ፣ ስለዚህም የኑርዬ ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ፈረዱ። መሬቱ ለጦይብ ጸና።

ለሸህ ሙዘሚል ነገሩ በዚያው አለቀ። ለኑርዬ ግን መጀመሩ ነበር። የከተማው ሰው «ሳያይ ያየው» የሚል ስም አወጣለት። ገበያ ላይ ጋቢ ሲሸጥ፣ ርዝመቱን በክንዱ ለክቶ ቢናገር እንኳ ገዢው ራሱ ደግሞ ይለካዋል። ከዚያ በኋላ ለኒካህም ሆነ ለሽያጭ ምስክር ሁን ብሎ የጠራው የለም። ብቸኛ ልጁን መርየምን ያጩ ቤተሰቦች የሐሰተኛ ምስክር ልጅ ናት ሲባሉ ሽማግሌ ልከው እጮኛነቱን አፈረሱ። መጨረሻ ላይ ወሬው ያልደረሰበት፣ የሦስት ቀን መንገድ የሚያስኬድ አገር ተዳረች። ኑርዬ ለማንም መልስ አልሰጠም። ሸማውን እየሠራ፣ ጁሙዓ ጁሙዓ ከመጨረሻው ሰፍ፣ ከኋላው ረድፍ፣ ላይ እየሰገደ ሃያ ዓመት ኖረ።

በሃያኛው ዓመት በበልግ ወራት ሸህ ሙዘሚል ኩታ ማሠራት ፈለጉ። የለመዱት ሸማኔ አርጅቶ ሥራ አቁሞ ነበርና ወደ ኑርዬ ቤት ሄዱ። ኑርዬም በአደብ ተቀበላቸው። የድሩን ዓይነት ሊያሳያቸው ክሩን ለማምጣት ወደ ጓዳ ገባ። ሸሁ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ መሬት ላይ መቀመጥ አይችሉም። ዙሪያውን ሲያዩ ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ አዩ። ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ለቀቁ። ሲያርፋቸው ቀና አሉ።

ከጣራው ሳር ጫፍ በታች ጅረቱ ወለል ብሎ ይታያል። ከጅረቱ ማዶ ማሳው አለ። አንዲት ሴት ሳር ታጭዳለች፤ የሻሿ ቀለም ሳይቀር ይለያል። የድንበሩ ድንጋይ ቆሟል።

ሸህ ሙዘሚል ተነስተው ቆሙ። ሳሩ ሁሉንም ጋረደው። ተመልሰው ተቀመጡ። ማሳው ታየ።

ኑርዬ ክሩን ይዞ ሲወጣ ሸሁን ከጉድጓዱ ውስጥ አገኛቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ይህን ጣራ ቀይረኸዋል ወይ ብለው ጠየቁት። ሳሩን በየጊዜው እንደሚያድሰው፣ ቋሚውና ወጋግራው ግን አባቱ እንዳቆመው መሆኑን ነገራቸው።

«ኑርዬ፣ ያኔ ለምን ተቀምጠው ይዩ አላልከኝም?»

«ልልዎት ጀምሬ ነበር፣ ሸህዬ» አለ ኑርዬ። «አላስጨረሱኝም።»

ሸሁ እጃቸውን ያነሱባት ያቺ ቅጽበት ትዝ አለቻቸው። ሰውን አለማቋረጥ ተምሬአለሁ ብለው አላህን ያመሰገኑት በዚያው ዓመት ነበር። እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ፤ ኑርዬንም አውፍ እንዲላቸው ለመኑት። ኑርዬ ክሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። መልሱ የመጣው ከሚስቱ ከዘምዘም ነው። ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ሸህዬ፣ ስማችንን የወሰዱት ከወይራው ሥር ሰው በተሰበሰበበት ነው» አለች። «እዚህ ጓዳ ደጃፍ ላይ ሊመልሱልን አይችሉም።»

ሸሁ እውነትሽን ነው ብለው ተነስተው ወጡ።

የዚያን ዕለት ከዐስር በኋላ እንደልማዳቸው ተቀመጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ነፍሳቸውን ሲጠይቁ፣ ይህ ትልቅ ዙልም፣ በሰው ላይ የሠሩት በደል፣ አንድም ቀን በጥያቄያቸው ውስጥ ያልገባው ለምን እንደሆነ አሰቡ። የሚጠይቁት የጠረጠሩትን ብቻ ነበር። የተቆጡበትን ቀን፣ የሰነፉበትን ሶላት፣ የቀሩበትን ለቅሶ ጠይቀዋል። የኑርዬን ፍርድ ግን ከመልካም ሥራቸው ጋር ነበር ያስቀመጡት፤ ቦታው ድረስ ሄጄ አይቼ የፈረድኩት ብለው ለደረሶች ያስተምሩበት ነበር።

በጁሙዓ በአደባባይ ሊናገሩ መወሰናቸውን ለመስጊዱ ኃላፊ ለሐጂ ቡርሃን አዋዩ። ሐጂ ቡርሃን የአርባ ዓመት ወዳጃቸው ነበሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ ደነገጡ። ኑርዬን በስውር መካስ እንደሚቻል፣ ሸሁ ተሳስቻለሁ ካሉ ግን የፈረዱት ሁሉ እንደሚጠረጠር፣ የታረቀው ተመልሶ እንደሚጣላ፣ ከተማው ፊትና ውስጥ እንደሚገባ አስረዷቸው። ለሳቸው ክብር ብቻ ብለው አልነበረም፤ በእርግጥም ፈርተዋል።

ሸህ ሙዘሚል እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። ከዚያም፣ «ቡርሃን፣ ፍርዴ ያቆመው ስሜ ከሆነ ይውደቅ። ሐቅ ከሆነ ያቆመው እኔ ባፍርም አይወድቅም» አሏቸው።

ጁሙዓ ደረሰ። ከሶላቱ በኋላ ሸህ ሙዘሚል ሰው እንዳይበተን አደረጉና ሁሉንም ሰው ወደ ወይራው ሥር ጠሩ። የድንበሩን ጉዳይ ከመጀመሪያው ተረኩ። ቆመው ማየታቸውን፣ ኑርዬ ግን ተቀምጦ የሚሠራ ሰው መሆኑን፣ ሊነግራቸው ሲል ዝም ማሰኘታቸውን ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ከዚያም በሕዝቡ መሐል አልፈው ኑርዬ ወደቆመበት ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄዱ።

«ኑርዬ አይቷል» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያላየሁት እኔ ነኝ። ኑርዬ፣ አውፍ በለኝ።»

ኑርዬ ቀና ብሎ አያቸው።

«የራሴን አውፍ ብዬዎታለሁ» አለ። «የመርየምን ግን እሷን ይጠይቋት። የእሷ ሐቅ በእኔ እጅ አይደለም።»

አንዳንዶች ይህ ድፍረት ነው ብለው አጉረመረሙ። ሸሁ ግን ትክክል ነው አሉ፤ በሳምንቱ በቅሎ ተከራይተው፣ ከታመመው ጉልበታቸው ጋር የሦስት ቀኑን መንገድ ሄዱ። መርየም የልጆች እናት ሆናለች። በክብር ተቀብላ የእግር ውሃ አቀረበችላቸው፤ ነገሩን ሲነግሯት ግን አለቀሰች፣ አውፍ ብያለሁ የሚለው ቃልም ከአፏ አልወጣም። ሸሁ አላስጨነቋትም፤ ዱዓ አድርገው ተመለሱ። በዓመቱ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ወደ እናቷ ቤት ከመግባቷ በፊት በሸሁ ደጃፍ ቆማ ሰላም አለቻቸው፤ የልጆቿንም ራስ እንዲዳብሱ አቀረበችላቸው።

ሐጂ ቡርሃን የፈሩትም በከፊል ደርሷል። የተፈረደባቸው ብዙ ሰዎች ይታይልን እያሉ መጡ፤ ሸሁ አንድ በአንድ መረመሩ፤ ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ላይ በእርግጥ ስህተት አግኝተው አረሙ። ለዳኝነት ወደ ሌላ ዓሊም መሄድ የጀመሩም አልጠፉም። ጦይብም ሽኩርም ሞተው ነበር፤ የጦይብ ልጆች የጸና ፍርድ ነው ብለው መሬቱን አንመልስም አሉ። ሸህ ሙዘሚል ከራሳቸው የቡና ማሳ ያንኑ ያህል ቆርሰው ለሽኩር ልጆች ሰጡ። ኑርዬ ግን በዚያው ወር ለአንድ ኒካህ ምስክር እንዲሆን ተጠራ። ዘምዘም ለዚያ ቀን የሚለብሰውን ኩታ ራሷ እንዳጠበችለት ይነገራል።

ሸሁ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ወደ አኺራ የሚሄዱበት ሕመም ሲጠናባቸው አንድ የቆየ ደረሳቸው፣ ከሑከማዎቹ ጥበብ በየቀኑ ልሠራበት የምችለውን አንዱን ንገሩኝ አላቸው። ሸህ ሙዘሚል እንዲህ አሉት፦

«የተጠራጠርከውንማ መጠየቅህ አይቀርም። እርግጠኛ የሆንክበትን ጠይቅ።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ራሱን ማሻሻል የማይፈልግ ሰው የለም። የጥንት ጠቢባንን ቃል ከመጽሐፍ እንለቅማለን፣ በስልካችን እንላላካለን፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ሸህ ሙዘሚልም በአንዲት ቃል ቁጣቸውን አሸንፈዋል። ግን ነፍስ ተንኮለኛ ናት። ራሷን እንድትመረምር ስትታዘዝ ትንንሹን ጥፋት እያወጣች ታሳየናለች፤ ትልቁን መልካም ሥራ ብላ ሸፍና ታስቀምጠዋለች። እኛም በትንንሹ አልቅሰን፣ ተውበት አድርገን፣ ቀለለን ብለን እንነሳለን።

የቂን፣ ጽኑ እርግጠኝነት፣ በአላህ ላይ ሲሆን ኢማን ነው። በራስ ዓይንና በራስ ፍርድ ላይ ሲሆን ግን የሰው ሐቅ ይበላል፤ የሚበላውም ዝም ብሎ ነው፤ በላተኛው እንኳ ሳይሰማው። እነዚያ ሃያ ዓመታት ለሸሁ የትዕግስትና የሙሓሰባ ዓመታት ነበሩ፤ ለአንድ ሸማኔ ቤተሰብ ደግሞ የውርደት። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ መስጊድ ውስጥ ያለፉ ናቸው።

ስለዚህ ከክፉ ሥራችሁ ሳይሆን ከምትኮሩበት ጀምሩ። ልክ ነበርኩ ብላችሁ የምትተርኩትን ያንን ነገር አንሱና፣ በዚያ ቀን ሊናገር ጀምሮ ያላስጨረሳችሁት ሰው ማን እንደነበር አስታውሱ። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ አላህ አዝኖላችኋል፤ ሂዱና አስጨርሱት።