ሁለት ፓርክና አንድ እሺ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አይቻለሁ፤ መልሳችሁ ዝጉት። እዚህ ተረት ውስጥ ላምም የለችም፣ በረትም የለም። ያለው አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ጎሚስታ፣ አሥራ አንድ ቀሚስና አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ሁሉም ተራ በተራ ስለሚመጡ አትቸኩሉ፤ እኔም ሲያቋርጡኝ አልወድም።

ልጅቷ ሜላት ትባላለች፤ የምትኖረው አዳማ ነው። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው። አዲስ አበባ መዝናኛ ፓርክ ሄዳ፣ ወንበር ተንጠልጥሎበት ሽቅብ በሚዞረው ትልቅ መንኮራኩር ላይ ከአባቷ ጋር መቀመጥ ትፈልጋለች። ከእናቷ ጋር አይደለም፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋርም አይደለም፤ ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ተሻለ የመንገድ ቀያሽ ነው። መስከረም ሦስት ቀን ለሥራ ጎዴ ይሄዳል፣ የሚቆየውም ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ለእኔና ለእናንተ ቶሎ ያልፍ ይሆናል። ሜላት ግን ሲመለስ አሥራ አንድ ዓመት እንደሚሞላት አስባ አንድ ቀን ሙሉ ከፍቷት ውላለች። ከመሄዱ በፊት ለጉዞ የሚሆኑት አምስቱ የጳጉሜ ቀኖች ብቻ ነበሩ።

ተሻለ ነሐሴ ላይ «ጳጉሜን ፓርክ እንሄዳለን» ብሏታል። ልጅቷ በደስታ አልጋ ላይ ስትዘል የአልጋው አንድ እግር ተሰበረ፤ ማንም አልተቆጣትም። ጣጣው ያለው ፓርክ የሚለው ቃል ላይ ነው። አባት ፓርክ ሲል አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ማለቱ ነው፤ ቀንደ ረጅሙ ሳላና ከርከሮ፣ አዞና ፏፏቴ። ልጅ ፓርክ ስትሰማ የሰማችው መንኮራኩሩን ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ወደ ላይ ነው፣ አዋሽ ደግሞ ወደ ታች ነው። ሁለቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለ ፓርክ ሲያወሩ ተስማምተው ከረሙ። ነሐሴ ሃያ ስድስት ቀን ተሻለ ሳላው ሲሮጥ እንዴት እንደሚያምር ሲነግራት፣ ሜላት ሳላ መንኮራኩር ላይ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀች። ያኔ ጉዱ ፈላ። ነገሩ ሲገባት እጆቿን አጣምራ፣ እኔ ሳላ ለማየት ሚኒባስ ላይ አልወጣም፣ መንኮራኩሩ ጋ ውሰደኝ አለች።

አባት እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። እምቢ ማለት ነውር ይመስለንና እሺታችንን ወስደን ሌላ ሰው ደጃፍ እናስቀምጠዋለን። «አባባ እሺ ካሉ እኔ ምን ቸገረኝ» አላት። አባባ እሺ ካላሉ አባት እሺ አይልም፤ አባት እሺ ካላለ ሜላት መንኮራኩሩ ላይ አትወጣም።

ሜላት ወደ አባባ ሮጠች። አባባ ኃይለመለኮት የተሻለ አባት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አዋሽ ፓርክ ውስጥ ስካውት ሆነው አውሬ ጠብቀዋል። አውሬ የሌለበትን ግቢ ፓርክ ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነ ቢያውቁ ደስ እንደሚላቸው ነገሯት። ልጃቸው ጎዴ ሳይሄድ፣ ያደገበትን ሜዳ ከልጁ ጋር ቆሞ እንዲያይላቸው ይፈልጋሉ። ቢሆንም ቀኑ አምስት ነው፣ ለሁለቱም ፓርክ ይበቃል አሉ። ነገር ግን ምግባቸው ያለ ጨው ነው፤ እሱን የምታውቅበት ደግሞ የልጃቸው ሚስት ወይንሸት ብቻ ናት። «ወይንሸት ከመጣች እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ። ወይንሸት ካልመጣች አባባ አይነሱም፤ አባባ ካልተነሱ አባት እሺ አይልም፤ አባት እሺ ካላለ ሜላት መንኮራኩሩ ላይ አትወጣም።

ሜላት ወደ እናቷ ሮጠች። ወይንሸት ልብስ ሰፊ ናት። ለዘመን መለወጫ ያዘዟት አሥራ አንድ ቀሚስ ፊቷ ተከምሯል፤ ሁሉም ተሰፍቷል፣ የአንዱም ጫፍ አልተዘመዘመም። እሷ ትሰፋለች፣ ጎረቤቷ እትዬ አሰለፈች ይዘመዝማሉ፤ ሥራውን እንዲህ ከተካፈሉት ስምንት ዓመት አልፎታል። የሰው ልጅ ለዓመት በዓል አሮጌ ልብስ ለብሶ እኔ አውሬ ሳይ ልክረም ወይ አለች። እትዬ አሰለፈች ከዘመዘሙልኝ ግን ምን ቸገረኝ አለቻት። እትዬ አሰለፈች ካልዘመዘሙ ወይንሸት አትመጣም፤ ወይንሸት ካልመጣች አባባ አይነሱም፤ አባባ ካልተነሱ አባት እሺ አይልም፤ አባት እሺ ካላለ ሜላት መንኮራኩሩ ላይ አትወጣም።

ሜላት አጥሩን በሽንቁሩ አልፋ እትዬ አሰለፈች ቤት ገባች። እትዬ አሰለፈች በስፌት መኪናቸው ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የእግር መርገጫውን ከላይኛው ጎማ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ ተበጥሷል። ከገበያ ያስመጡት ሁሉ እየተንሸራተተ አስቸግሯቸዋል፤ ልኩን የሚያውቀው ጎሚስታው ፈይሳ ነው፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከካላማዳሪያ ቀዶ ነው የሚሠራላቸው። ሰው ልከው ነበር፣ የተላከው ሰው እዚያው ወሬ ይዞ ቀረ። ፈይሳ ቺንጋውን ከሰጠኝ እኔ ምን ቸገረኝ አሉ። ፈይሳ ቺንጋ ካልሰጠ እትዬ አሰለፈች አይዘመዝሙም፤ እሳቸው ካልዘመዘሙ ወይንሸት አትመጣም፤ ወይንሸት ካልመጣች አባባ አይነሱም፤ አባባ ካልተነሱ አባት እሺ አይልም፤ አባት እሺ ካላለ ሜላት መንኮራኩሩ ላይ አትወጣም።

እስካሁን ደከማችሁ? ሜላት አልደከማትም። እንዲያውም ሩጫው ደስ ብሏታል፤ አንድ ደጃፍ ባለፈች ቁጥር መንኮራኩሩ የቀረበላት እየመሰላት ትስቃለች። አስፋልቱን ተሻግራ ጎሚስታው ጋ ደረሰች። ፈይሳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የገዛ በሩን ያያል። ካላማዳሪያው ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። በሩ ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፣ በሩ ላይ ደግሞ አንድ ሚኒባስ ተለጥፎ ቆሟል።

«ሹፌሩ ደርቤ ነው እዚህ ፓርክ ያደረገው» አላት።

ሜላት ፓርክ የሚለውን ቃል ዳግመኛ መስማት አልፈለገችም። ደርቤ መኪናውን ካነሳ እኔ ምን ቸገረኝ አለ ፈይሳ። ደርቤ መኪናውን ካላነሳ ፈይሳ ቺንጋ አይሰጥም፤ ፈይሳ ካልሰጠ እትዬ አሰለፈች አይዘመዝሙም፤ እሳቸው ካልዘመዘሙ ወይንሸት አትመጣም፤ ወይንሸት ካልመጣች አባባ አይነሱም፤ አባባ ካልተነሱ አባት እሺ አይልም፤ አባት እሺ ካላለ ሜላት መንኮራኩሩ ላይ አትወጣም።

ደርቤ መሪውን አቅፎ ተኝቷል። ሜላት መስኮቱን አንኳኳች። ደርቤ እነሱኑ ሊወስድ በኮንትራት የተያዘው ሹፌር ነው፤ ሲነቃም ያኮረፈው በእነሱው ነበር። ከቤታችሁ አንዱ ደውሎ ፓርክ ወደ ላይ ነው ይለኛል፣ ሌላው ደውሎ ፓርክ ወደ ታች ነው ይለኛል፤ መንገዱን ሳላውቅ ስንት ሊትር ልቅዳ ብዬ የነዳጅ ሰልፍ ልያዝ አላት። ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች በሉኝ፣ ያኔ እነሳለሁ፤ ዝም ብዬ ከዚህ ወደዚያ አልንፏቀቅም አለ። ሹፌር አንዴ ካኮረፈ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሜላት ታዲያ ማን እንዲነግርዎት ነው የሚፈልጉት አለችው።

«አባትሽ የጉዞውን እቅድ ሜላት ናት የምትጽፈው፣ ጽሕፈቷ ያምራል ብሎኛል» አለ ደርቤ። «አንቺ ከጻፍሽልኝ እኔ ምን ቸገረኝ?»

ሜላት ቀጥሎ የምትሮጥበትን ሰው ፍለጋ ዞር አለች። ማንም የለም። ፈይሳ በሩን ያያል፣ ደርቤ እሷን ያያል። በጣቷ ቆጠረች። አባት አባባን ይጠብቃል፣ አባባ ወይንሸትን፣ ወይንሸት እትዬ አሰለፈችን፣ እትዬ አሰለፈች ፈይሳን፣ ፈይሳ ደርቤን፣ ደርቤ ሜላትን። ሜላትስ? ሳላ ለማየት ሚኒባስ ላይ አልወጣም ያለችው ራሷ ናት። ሁሉን እሺ በሉኝ እያለች ስትሮጥ ያረፈደችው ልጅ ራሷ እሺ አላለችም ነበር። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ነደዳት።

ወረቀት አልያዘችም። የሚኒባሱ የኋላ መስታወት ግን የሳምንት አቧራ ጠጥቷል። ተንጠራርታ በጣቷ መጻፍ ጀመረች። ጳጉሜ አንድ ወደ አዋሽ መውረድ። ጳጉሜ ሁለት ሳላ ማየት፣ አባባ እያሳዩን። ጳጉሜ ሦስት ፏፏቴውን አይቶ አዳማ መመለስ። ጳጉሜ አራት አዲስ አበባ መውጣት። ጳጉሜ አምስት መንኮራኩር። ደርቤ ጀርባዋ ቆሞ ሲያነብ ቆየና፣ ዝናብ ቢጥልስ፣ አንዱ ቢታመምስ፣ አንዲት ቀን ከጎደለች የሚቀረው የአንቺው መንኮራኩር አይደለም ወይ አላት። ሜላት ይህን ስትጽፍ አስባዋለች።

«አባባ አርጅተዋል፤ እሳቸው ይቅደሙ» አለች። «እኔ እሺ ብያለሁ።»

እንግዲህ ያዙኝ፣ አሁን ነው የሚፈጥነው። ሜላት እሺ ስትል ደርቤ ሞተሩን አስነሳ፤ ደርቤ ሲነሳ የፈይሳ በር ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ካላማዳሪያው ወጣ፤ ካላማዳሪያው ሲቀደድ ቺንጋ ሆነ፤ ቺንጋው ሲገባ የእትዬ አሰለፈች መኪና ዞረ፤ መኪናው ሲዞር አሥራ አንዱም ቀሚስ ተዘመዘመ፤ ቀሚሱ ሲያልቅ ወይንሸት ሻንጣ አወረደች፤ ወይንሸት ሻንጣ ስታወርድ አባባ የድሮ የስካውት ኮፍያቸውን አጠለቁ፤ አባባ ኮፍያ ሲያጠልቁ አባት የሚያመካኝበት ሰው አጣ፤ የሚያመካኝበት ሲያጣ እሺ አለ። እሺ ያለው ግን በቀጭን ድምፅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ማንም አልጠየቀም። ደርቤ የኋላ መስታወቱን ሳያጥብ ነዳጅ ሞልቶ መጣ። ሰልፍ ላይ ከኋላው የነበሩት ሁሉ እቅዱን አንብበው፣ አንዷ ሴትዮ ጳጉሜ ሁለት ላይ ቦታ አለ ወይ ብላ ጠይቃዋለች።

ጳጉሜ አንድ ወረዱ፤ ሜላት እስከ መተሐራ ድረስ ስትዘፍን የወይንሸት ጆሮ ደነቆረ። ጳጉሜ ሁለት ሳላዎቹን አዩ፤ ሳላዎቹ አባባን አላወቋቸውም፣ አባባ ግን የአያቶቻቸውን አረማመድ አወቁባቸው። ተሻለ ከአባቱ ጎን ቆሞ ሜዳውን ለረጅም ጊዜ አየ። ሜላት ሳላ ሲሮጥ እውነትም እንደሚያምር አመነች፤ ይህንንም ለአባቷ ነገረችው፤ ልበ ሰፊ ናት። ጳጉሜ ሦስት የፏፏቴው ውኃ አረጠባቸው። ጳጉሜ አራት ወጡ። ጳጉሜ አምስት ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ሜላት ቁርስ አልበላ ብሏት አንጋጣ ስትጠብቅ ቆየች፤ ወደ አምስት ሰዓት ላይ ብሩህ ሆነ።

መንኮራኩሩ ሥር ሲደርሱ ተሻለ ሽቅብ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ አባባ ዞሮ አንድ ነገር ሊል ሲጀምር፣ አባባ ሂድ ውጣ እንጂ አሉት። ወጡ። ወንበሩ ተነሳ፣ ዛፉን አለፈ፣ ጣሪያውን አለፈ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ታች ያሉትን ለማሳፈር ቆመ። ሜላት በደስታ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ግንባሩ በላብ ርሷል። ያን ሁሉ መንገድ የቀየሰ ሰው ከፍታ ይፈራል። እሺ ማለቱን እስከ አባባ ድረስ የገፋው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት። እጇን እጁ ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ ግለጠው። እኔ አለሁ።»

አንዱን ዓይኑን ገለጠ፣ ቆየና ሌላውን። ከተማውን አላየም፤ እሷን ነው ያየው።

«ሜሉ፣ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጎዴ ነው» አላት። «ሳላይሽ ሁለት ዓመት።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም የቀለላቸው ይመስላል፤ ወንበሩ ሲወዛወዝ እሷ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ታች ሲደርሱ ወይንሸት እጇን ዘርግታ ልታወርዳቸው ቀረበች። ተሻለ አልተነሳም። አባቱን አላየም፣ ሚስቱንም አላየም፤ መንኮራኩሩን ወደሚያዞረው ሰውዬ ዞሮ አንድ ዙር ጨምርልን አለው።

ተረቴ አለቀ። የሚመልስልኝ ካለ ይመልስ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ለእነሱ አቆዩላቸው፣ ሲወርዱ ይርባቸዋል።