እምቢልታ ነፊው ዝንጀሮና የሱረቱ ቀንድ

ዝንጀሮ ሲጋራ ለመተው የቆረጠው የአንበሳ ልጅ ልትዳር ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ያዘዘው ንጉሥ፣ የገሠጸው ሽማግሌ አልነበረም። ትንፋሽ አጥሮት ነው።

ተረት ተረት። በረቱን የከፈታችሁ ላሚቱን አስገቡ፤ እኔም ወሬውን ላስገባ።

በዚያ ዘመን አውሬው ሁሉ ይናገር ነበር። ዕቃውም ይናገር ነበር። ሳንባና አፍንጫ እንኳ የሆዳቸውን ያወጡ ነበር። በዚያ አገር ሙሽራ ያለ እምቢልታ ከአባቷ ደጅ አትወጣም። እምቢልታ ደግሞ ብቻውን ዜማ የለውም። ሦስት ነፊዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንደኛው የራሱን ድምፅ ነፍቶ ለሁለተኛው ይለቃል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ይለቃል፤ ሦስተኛው መልሶ ለአንደኛው። አንዱ ተራውን ካጎደለ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል።

ነፊዎቹ እሜት ጦጣ፣ አያ ከርከሮና አያ ዝንጀሮ ነበሩ። ዝንጀሮ እምቢልታውን ከአባቱ ወርሷል፤ አባቱም ከአባቱ።

በዚያ የገበያ ቀን ልምምድ ላይ ነበሩ። ጦጣ ነፋች፣ ለከርከሮ ለቀቀች። ከርከሮ ነፋ፣ ለዝንጀሮ ለቀቀ። ዝንጀሮ አየር ሳበ፤ የወጣው ግን ሳል ነው።

«አያ ዝንጀሮ» አለ ከርከሮ፣ «እምቢልታ ንፋ ተባልክ እንጂ ዶሮ አባር ተባልክ?»

ጦጣ አልሳቀችም። «ዛሬ ሦስት ጊዜ አጎደልክ። በአንበሳ ደጅ እንዲህ ከሆነ እምቢልታህ ለቀበሮ ይሰጣል። ቀበሮ ጠይቆ ጨርሷል።»

«የአባቴ እምቢልታ?»

«የአባትህ እምቢልታ።»

ይህን ጊዜ ሳንባው ከደረቱ ውስጥ ተናገረ። «እኔም ልናገር። ነፋስ እንድትሞላኝ ተፈጠርኩ፤ አንተ ግን ጭስ ቤት አደረግኸኝ። ጥላሸቴን ማን ይጠርግልኛል?»

ዝንጀሮ ተነሣ። የሲጋራ ፓኮውን ይዞ ከዋርካ ሥር ቀበረው፤ በላዩም ድንጋይ ጫነበት። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ተመልሶ ቆፈረው።

ሲጋራው ከፓኮው ብቅ ብሎ ሳቀበት። «ልትረሳኝ ከፈለግህ ድንጋዩን ለምን ምልክት አደረግኸው?»

በማግስቱ ክብሪቱን ወንዝ ውስጥ ወረወረ። እሳት ከሌለ ጭስ ከየት ይመጣል ብሎ ነው። ነገር ግን በዚያ አገር ጎረቤት እሳት አይከለክልም። ዝንጀሮ ከጎረቤት ፍም ለምኖ አቀጣጠለ።

«ክብሪት ሰመጠ እንጂ ጎረቤት አልሰመጠም» አለው ሲጋራው።

በሦስተኛው ቀን ዝንጀሮ እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደ። ኤሊ ከአገሩ ሁሉ ያረጀች ናት፤ ቃሏ እንደ እርምጃዋ ዝግ ያለ ነው።

«እማማ ኤሊ፣ ሲጋራ አልለቅ አለኝ። ሰርጉም ደረሰ።»

«የትኛው ነው ያልለቀቀህ? ጭሱ ነው ወይስ ትምባሆው?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አለው እንጂ። ሳንባህን የበላው ጭሱ ነው። እጅህን የሚጎትተው ትምባሆው ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ገጠምካቸው፤ ለዚህ ነው የጣሉህ።» ከድንጋይዋ ሥር አንዲት ትንሽ ቀንድ አወጣች። «ይህ ሱረት ነው። ደቅቆ የተወቀጠ ትምባሆ ነው፤ ቆንጥረው በአፍንጫ ይስቡታል እንጂ አይነድም። መድኃኒት ነው ብዬ አልዋሽህም፤ የሲጋራ ወንድም ነው። ሲያልቅ ቀንዱን ይዘህ ወደ እኔ ና። በመጣህ ቁጥር ትምባሆውን እያጎደልኩ ደረቅ ጤና አዳም እጨምርበታለሁ። ገበያ ወስደህ እንዳታስሞላ።»

ዝንጀሮ ቆንጥሮ ሳበ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ጆሮው ጋለ። እጁ ግን ወደ ፓኮው አልሄደም።

ፓኮውን ወደ ገደሉ ሊጥለው ሲያነሣ ሲጋራው ለሱረቱ ሹክ አለው። «ወንድም ጋሼ፣ ዝንጀሮን አደራ። አሙቀህ ያዝልኝ፤ ሰርጉ ላይ መጥቼ እረከብሃለሁ።»

«አደራ አልበላም፣ አደራም አልቀበልም» አለ ሱረቱ። «እኔ የያዝኩትን የምይዘው ለራሴ ነው።»

ፓኮው ገደል ገባ።

ሳምንት አለፈ። ሳንባው «ዛሬ ነፋስ አገኘሁ» አለ። ሌላ ሳምንት አለፈ። ዝንጀሮ ዳገቱን ሳያርፍ ወጣ፤ እምቢልታውም ከማዶ ተሰማ። ገበሬው ማረሻውን አቁሞ አዳመጠ። ጦጣ በደስታ ጅራቷን ቅርንጫፍ ላይ ጠምጥማ ዞረች።

ችግሩ ከአፍንጫ መጣ።

በልምምዱ መካከል ዝንጀሮ «እጥሽ» አለ። በዚያ አገር አጠገብህ ያነጠሰን «ይማርህ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ጦጣና ከርከሮ እምቢልታቸውን ከአፋቸው አነሡ።

«ይማርህ።»

«ያኑራችሁ።»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና «እጥሽ»። እንደገና «ይማርህ»፣ «ያኑራችሁ»። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ከርከሮ እምቢልታውን መሬት ላይ አኖረ።

«አያ ዝንጀሮ፣ ስታስል የምታጎድለው የራስህን ድምፅ ብቻ ነበር። አሁን ሦስታችንንም ታጎድለን ጀመርክ።»

«ታዲያ ይማርህ አትበለዋ» አለች ጦጣ።

«አልልም ብዬ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ፤ እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

መላውን ያመጣው አፍንጫው ራሱ ነው። «ከመንፋታችሁ ብዙ ቀደም ብለህ ስጠኝ። አስነጥሼ፣ ተምሬ፣ ጨርሼ ልጠብቅህ። በሥራ ሰዓት ግን አትንካኝ።» ዝንጀሮ እንደተባለው አደረገ፤ ልምምዱ ሰመረ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ከበሮው ከጠዋት ጀምሮ ይመታል። ዝሆን አቧራ ያስነሣል፣ ቆቅና ጅግራ እልል ይላሉ፣ የነብር ልጅ ሙሽራው ካባውን ለብሶ ይንጎራደዳል። እማማ ኤሊ ከሦስት ቀን በፊት ተነሥታ ገና መድረሷ ነው። ዝንጀሮ ሱረቱን ቀድሞ ስቧል፣ አስነጥሷል፣ ተምሯል። አሁን ሙሽራዋ እስክትወጣ ይጠብቃል። የጠራውን እምቢልታ እየደጋገመ ይወለውላል።

ቀበሮ መጣ። በጣቶቹ መካከል የነደደ ሲጋራ ይዟል፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ ዝንጀሮ በሚወስድበት በኩል ቆመ።

«ፈራህ እንዴ አያ ዝንጀሮ? አንዴ ሳብ፤ ፍርሃቱ ይለቅሃል።»

«ትቻለሁ።»

«ግማሽ ብቻ። ሰርግ እኮ ነው፤ ማን ያይሃል?»

«ትቻለሁ አልኩህ።»

«እሺ፣ አትሳብ። መቀነቴን እስካጠብቅ ለአፍታ ያዝልኝ።»

ወዳጅ ያዝልኝ ሲል እንዴት እምቢ ይባላል? የዝንጀሮ እጅ ተዘረጋ። ሲጋራው ጫፉን አቀላ። «እንዳልኩት መጣሁ» አለ፣ «እጅህን እንኳ አልረሳሁትም።»

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ዝንጀሮ የተዘረጋ እጁን መልሶ ቀንዱ ውስጥ ከተተ፤ ቆነጠረ፤ በጥድፊያ ከልኩ አብልጦ ሳበ።

«እጄ ሥራ ይዟል» አለው ቀበሮን።

አፍንጫው «በሥራ ሰዓት አትንካኝ አላልኩህም?» ብሎ ጮኸ። የሚሰማው አልነበረም። ሙሽራዋ ደፉ ላይ ቆማለች።

ጦጣ ነፋች፣ ለቀቀች። ከርከሮ ነፋ፣ ለቀቀ። ዝንጀሮ ነፋ፤ ተራራው ተቀበለው። ዜማው እንደ ውኃ ከአንዱ ወደ አንዱ ፈሰሰ። ሳንባው «ጨምር፣ ገና ብዙ አለኝ» ይላል። ሙሽራዋ አንድ እግሯን አነሣች።

«እጥሽ።»

ሁለቱ እምቢልታዎች ከአፍ ወረዱ። «ይማርህ» አሉ ጦጣና ከርከሮ። ዜማው ተቋረጠ። የሙሽራዋ እግር አየር ላይ ቀረ። አንበሳ ቅንድቡን አነሣ። ቀበሮ እምቢልታውን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

አንበሳም ቢሆን ግን እናት አሳድጋዋለች። አፉን ከፈተና «ይማርህ» ሲል ሸለቆው ተናወጠ። ዝሆን «ይማርህ» አለ። ሰርገኛው ሁሉ ተከትሎ በአንድ ድምፅ «ይማርህ» አለ።

«ያኑራችሁ» አለ ዝንጀሮ፤ በዚያው ትንፋሽ ተራውን ነፋ። ጦጣ ከአየር ላይ ቀለበችው፣ ከርከሮ ተቀበላት፣ ሙሽራዋ እግሯን አሳረፈች። እልልታው አቧራውን በለጠ። ሰርገኛው እንጥሻው የዜማው አንጓ መስሎታል።

«ያንን ይማርህ የምንልበትን ድገሙት» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ አጉድሏል እኮ» አለ ቀበሮ።

«እኔ የጎደለ ነገር አልሰማሁም» አለች የሙሽራዋ እናት። «አንተ ይልቅ ጭስህን ከልጄ ቀሚስ አርቅልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሦስቱ ያልተጠሩበት ሰርግ የለም። በየደጁ ሰርገኛው ተራውን ጠብቆ «ይማርህ» ሊል ይሰበሰባል። ዝንጀሮ ግን የኤሊን ቃል ጠበቀ። ቀንዱ ባለቀ ቁጥር ኤሊ ዘንድ ይሄዳል፤ ኤሊ ትምባሆውን ታጎድላለች፣ ጤና አዳሙን ታበዛለች። ሱረቱ ከቀንዱ ውስጥ «በቅጠል ለወጥከኝ» እያለ አጉረመረመ፤ ድምፁም እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ቀንዱ ውስጥ ጤና አዳም ብቻ ቀረ። አንድ ማለዳ ዝንጀሮ እሱንም ሳይቆነጥር ዋለ፤ ማታ ነው ትዝ ያለው። ዛሬ አያጨስም፣ ሱረትም አይስብም። እምቢልታው በእጁ ነው። ሳንባውን ብትጠይቁት ይህንኑ ይነግራችኋል።

በተከታዩ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከርከሮ እማማ ኤሊ ደጅ ቆሞ ታየ። የያዘው ቀንድ ከዝንጀሮ ቀንድ ይበልጣል።

«እማማ ኤሊ፣ ይሙሉልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይህን ቀንድ ከየት አመጣኸው?»

«ከገበያ ነው። ሰርገኛው እንጥሻ ይፈልጋል። ዝንጀሮ ሱረቱን ሲተው አንዳችን ማስነጠስ ነበረብን።»

ኤሊ ቀንዱን ተቀብላ አገላበጠችው። «ጤና አዳሙን ከምን ያህል ጀምሬ ልቀላቅልልህ? ለመሆኑ ሲጋራ የተውከው መቼ ነው?»

«እኔ?» አለ ከርከሮ። «እኔ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም።»

ምርኩዝ ለአንካሳ እግሩ ነው፤ ጤነኛ ሲይዘው ማንከስ ያስተምረዋል።