የአንዳንድ ቦታዎች ዝናብ

አንድ የአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። ማታ ማታ ከዜና በኋላ በቴሌቪዥን እየቀረበ የነገውን ሰማይ ለሕዝቡ ይናገር ነበር። ሥራውን ይወዳል። ከሳተላይት የሚመጣውን የደመና ሥዕል፣ እናት የልጇን ፊት እንደምታነብ ያነበዋል።

በወጣትነቱ ደፋር ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ «ነገ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል፤ ዣንጥላችሁን ቤት ተዉት» ብሎ ተናገረ። እሑዱ የሠርግ ወራት እሑድ ነበር። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ ዳሱን ሁሉ አራሰው፤ ሚዜዎቹ ሙሽራውን ትተው ጓዳ ገቡ፤ ሙሽሪት ቬሏን ስትጨምቅ ዋለች። ከዚያ በኋላ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የታክሲ ረዳቶች «ይርዳው ፀሐይ ነው ብሏል፣ ቶሎ ግቡ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሳቅ ብቻ ነበር። ይርዳውን ግን ከበረዶው ይልቅ ሳቁ መታው።

ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ብልሃት አገኘ። «በአንዳንድ ቦታዎች ዝናብ ሊጥል ይችላል» ማለት ጀመረ። ቢዘንብ ተናግሯል፤ ባይዘንብም «ይችላል» ነው እንጂ «ይዘንባል» አላለም። በዚህ አነጋገር ዓመታት አለፉ። አለቆቹም ወደዱትና «አንድም ቀን ያልተሳሳተ» ብለው ሸለሙት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ይርዳው ደግሞ እየተናገሩ ዝም ማለትን ተማረ።

ይህን ሰው ከልቧ የምታምን ታላቅ እህት ነበረችው፤ የሺመቤት የምትባል፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን ራሷ የምታሳርስ ገበሬ። ማታ ጎረቤቶቿ እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። ቲቪው ሲከፈት «ዝም በሉ፣ ወንድሜ የሚለውን እንስማ» ትላቸዋለች። በእሱ የነበራት ኩራት እንዲህ በቀላሉ አይነገርም።

አንድ ዓመት በኅዳር፣ ያገሩ ጤፍ ታጭዶ እንዲደርቅ በየማሳው ተኝቶ ነበር። ጤፍ በደንብ ከተከመረ ዝናብ ብዙም አያስፈራውም፤ መሬት ላይ እንደተኛ ከዘነበበት ግን ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ክምሩ በደቦ ነው የሚሠራው። የኅዳር ሚካኤል ደርሶ ስለነበር፣ ደቦውን ከበዓሉ በኋላ ሊያደርጉት ተቀጣጥረዋል።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ይርዳው በሥዕሉ ላይ ከባድ ደመና ሲመጣ አየ። አቅጣጫው ወደ እህቱ አገር ነው። በልቡ ጥርጥር አልነበረውም። ካሜራው ፊት ቆሞ «የታጨደ እህል ያላችሁ ነገውኑ ከምሩ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ የታክሲ ረዳቶቹ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣበት። በኅዳር ዝናብ ብሎ ሳይዘንብ ቢቀርስ? «በሰሜን ምሥራቅ አንዳንድ ቦታዎች ዝናብ ሊጥል ይችላል» አለና ፈገግ ብሎ ደህና እደሩ አለ።

እህቱ ቤት የተሰበሰቡት እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ አንዳንድ ቦታዎች የተባለው ከወንዙ ማዶ መሆን አለበት አለ። ሌላው ደግሞ፣ ነገሩ ለእኛ ቢሆን ወንድሟ ደውሎ ይነግራት ነበር አለ። የሺመቤትም ይኸንኑ አመነች። በማግስቱ ለበዓሉ ሲሰናዱ ዋሉ። የሚካኤል ዕለት አመሻሽ ላይ ዝናቡ መጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ አላባራም።

ይርዳው ሰምቶ ሲደርስ እህቱን ማሳው ውስጥ አገኛት። የጠቆረውን ነዶ እያነሳች ታገላብጣለች፤ የሚተርፍ ግን አልነበረም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተናግሬ ነበር» አላት።

«ተናግረሃል፤ ሰምተናል» አለችው ሳትቆጣ። «ግን አንዳንድ ቦታ ማለት የት ነው? እኛ ሁላችንም የጎረቤታችን ማሳ መሰለን።»

እርግጠኛ አልነበርኩም ሊላት ፈለገ። ውሸት ስለሆነ ተወው።

«ዝናቡ እንደሚመጣ አውቄ ነበር» አለ። «ባይመጣ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።»

የሺመቤት ነዶውን አስቀመጠችና አየችው።

«ባይመጣማ በከንቱ ስንከምር ውለን፣ ማታ ስምህን እያነሳን ስቀን እንተኛ ነበር። ሳቅ ያልፋል፣ ወንድሜ። አንተ ስምህን ከዝናብ አስጠለልክ፤ የእኛ እህል ደጅ አደረ።»

ይርዳው እዚያው ማሳ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ያን ዓመት ለእህቱ እህል እየሸመተ ላከላት። ለጎረቤቶቿ ግን ማን ይሸምትላቸው?

በዓመቱ፣ አዝመራው ታጭዶ እንደተኛ፣ ያው ዓይነት ደመና በሥዕሉ ላይ ታየ። ይርዳው ካሜራው ፊት ቆሞ ወረዳዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። «ዝናቡ ነገ ማታ እናንተ ዘንድ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ» አለ። «ልሳሳት እችላለሁ። እኔ የታጨደ እህል ቢኖረኝ ግን ነገ ሳይመሽ እከምር ነበር።» ያገሩ ሰው ደቦውን አስቀድሞ እህሉን ሲከምር ዋለ።

ደመናው መንገዱን ቀየረና ጠብታ እንኳ ሳይወርድ ቀረ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ የታክሲ ረዳቶቹ «ይርዳው ዝናብ ነው ብሏል፣ ቶሎ ግቡ!» እያሉ ሲጣሩ ዋሉ። ይርዳው ከአንዱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሲሰማ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ነበረች።

«ወገባችንን ቆረጥከው» አለችው፤ ከኋላዋ የጎረቤቶቿ ሳቅ ይሰማል። «ዝናቡ ቀረ፤ እህሉ ግን ተከምሯል። ለከርሞም እንዲሁ ተሳሳትልን።»

ይርዳው ረዳቱን ቀና ብሎ አየውና አብሮት ሳቀ።

ወዳጄ፣ ፈጽሞ የማይሳሳት ቃል ብዙ ጊዜ ማንንም የማይጠቅም ቃል ነው። የማናውቀውን አናውቅም ማለት ትሕትና ነው፤ የምናውቀውን እያወቅን በ«ምናልባት» መሸፈን ግን ለስማችን ብለን ሌላውን ማስመታት ነው። ሐኪምም፣ መምህርም፣ አባትም፣ ጓደኛም ይህ ነገር ያገኘዋል። እስቲ እርስዎም ያስቡት፦ ለሚወዱት ሰው በግልጽ ሊነግሩት ሲገባ «አንዳንድ ቦታዎች» ብለው ያለፉት ነገር ይኖር ይሆን? እህሉስ እስካሁን ደጅ ነው?